ነጭ አይጥና የሥጋ ቤት ፍሪዘር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባዶ እጄን መግባት አልወደድኩም። ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጌጥ ዓሣ፣ ወፍና የቤት እንስሳት ምግብ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ለእባብና ለዘንዶ ቀለብ የሚሆን አይጥ አርብቶ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ፤ ተቀጠርኩም። ታዲያ ሙያዬን ላሳይ ብዬ፣ እህል ተራ ከሚሠራ ዘበኛ ሁለት የሰቡ የሞቱ አይጦች በፌስታል ተቀብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

እትዬ ዘነበች ፌስታሉን ከፍተው አዩና መልሰው ቋጠሩት።

"ወርቅነሽ፣ የመርካቶ አይጥ ምን እንደምትበላ ታውቂያለሽ?"

"እህል ነዋ፣ እትዬ።"

"እህልና መርዝ! በየመንገዱ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ አላየሽም? ይቺን የዋጠ ዘንዶ ተከትሏት ይሄዳል። በይ ጣያቸውና እጅሽን በሳሙና ሁለቴ ታጥበሽ ነይ።"

ጣልኩ፤ ታጠብኩ፤ ተመለስኩ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ልክ ነበሩ።

ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ዶሮ ተራ ላባ ስነጭና ዶሮ ስበልት ኖሬያለሁ። ደም አያስፈራኝም፣ ሽታም አያስሮጠኝም። ሰው የሚሸሸውን ሥራ መሥራት እንደምችል አውቅ ነበር። የማላውቀው በሥርዓት መሥራትን ነው፤ እሱን እትዬ ዘነበች አስተማሩኝ።

ከሱቁ በስተጀርባ ባለው ክፍል ትልልቅ የፕላስቲክ ሳፋዎች ተደርድረዋል። ከላይ የሽቦ ክዳን፣ ከሥር ሰጋቱራ። በውስጣቸው ያሉት አይጦች ነጫጭ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀይ ነው፤ እጅ ለምደዋል። እዚያው ተወልደው እዚያው ስለሚያድጉ የመርካቶን ቆሻሻ ቀምሰውት አያውቁም። ጠዋት ሰጋቱራ መለወጥ፣ ውኃ መሙላት፣ መኖ መስጠት፣ የወለደችውን ለብቻ ማድረግ የየዕለት ሥራ ነበር።

እትዬ ዘነበች ለሥራው ማዕረግ አውጥተውለታል፤ ጠራጊ፣ መጋቢ፣ አዘጋጅ። ጠራጊ ሆኜ ሦስት ወር፣ መጋቢ ሆኜ አንድ ዓመት ቆየሁ። አዘጋጅ ተብዬ ስሾም የጠራጊውንና የመጋቢውን ሥራ የሚረከበኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሦስቱንም ማዕረግ ደርቤ ያዝኩ፤ ደሞዙ ግን አልተደረበም።

የአዘጋጅ ሥራ እንዲህ ነው። ለቀለብ የደረሱት በጋዝ ሳጥን ውስጥ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዝም ይላሉ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ የእንስሳ ጭንቀት የማያስጨንቀው ሰው ይህን ሥራ ባይነካው ይሻላል። ከዚያ እያንዳንዱ ይመዘናል። ጠጉር ያላበቀለውን "ቀይ"፣ መካከለኛውን "ጎረምሳ"፣ ትልቋን "እናት" እንላለን። አይጡ ከዘንዶው ወገብ መወፈር የለበትም። ትሪ ላይ ሳይነካኩ፣ ጅራታቸው ቀጥ ብሎ ተጋድመው ፍሪዘር ይገባሉ። እንደ ድንጋይ ሲደርቁ ላስቲክ ውስጥ ይከተታሉ፤ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣል፤ ቀኑና ክብደቱ ይጻፋል።

ማቅለጡ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ከነላስቲኩ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ውኃው ከፈላ ላዩን ይቀቅለውና ውስጡን በረዶ እንደሆነ ይተወዋል። ከዚያ በፎጣ ይደርቃል፤ በረጅም ወረንጦ ተይዞ ለዘንዶው ይቀርባል። አንዴ የቀለጠ አይጥ ግን ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። ይቺን እትዬ ዘነበች በትልልቅ ፊደል ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈውልኛል፤ "የቀለጠ ይጣላል" ይላል ጽሑፉ።

ሥራውን ወደድኩት። ስሙን ለሰው መንገር ግን አቃተኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ ነጋዴዎች "የአይጥ እናት" ሲሉኝ ስቄ አልፋለሁ። ሠፈሬ ስገባ ግን ምን እንደምሠራ ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ "ምግብ ዝግጅት" ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ሆቴል የምሠራ መስሏት ለልጇ ሠርግ ወጥ እንድሠራላት ለመነችኝ። ሠራሁላት፤ ተወደደልኝም።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የማከብረው መምህር መኮንንን ነበር። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ ሰባተኛ ሠፈር ይኖራሉ። ዘንዷቸው ከቆላ በመጣ የከሰል ጆንያ ውስጥ ገና ክንድ ሳታክል ተገኝታ፣ ሰው በዱላ ሊቀጠቅጣት ሲል ደርሰው አስጥለው ወሰዷት። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አውጥተው አሳደጓት፤ ስሟንም ጸጥታ አሏት። "ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ስለምነው የኖርኩት ነገር በመጨረሻ ቤቴ ድረስ መጣልኝ" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማታ ማታ የሚያወሩት ከእሷ ጋር ነው።

አንድ ዓመት፣ ከገና በኋላ፣ ጸጥታ አፏ ውስጥ ቁስል ወጣባትና መብላት አቆመች። ጤነኛ ዘንዶ ወራት ሳይበላ ይቆያል። እሷ ግን በሽታው ስለጨመረባት የጀርባ አጥንቷ ወጥቶ ይታይ ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ እየወጋት መምህርን አስጠነቀቃቸው። ቁስሏ ሲሽር የምትበላው ነገር እንከን የሌለው መሆን አለበት፤ የተበላሸ ውጣ ከተፋችው አቅሟ ያልቅና ትሞታለች። መምህር ይህንኑ ቃል በቃል ነገሩኝ።

"ወርቅነሽ፣ የማምነው እጅሽን ነው" አሉኝ።

ስምንት ጎረምሶች መርጬ አዘጋጀሁ። እንዲያ ተጠንቅቄ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ላስቲኮቹ ላይ ቀኑን ጽፌ ከሥሩ "ለጸጥታ" አልኩበት።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ የሱቃችንን ፍሪዘር አቃጠለው። የሌላ ደንበኛ ዕቃ በውስጡ አልነበረም፤ የነበሩት ስምንቱ ብቻ ናቸው። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ይዘው "እስኪ አሁን የት እናደርጋቸዋለን?" አሉ። እኔ ወዲያው ጋሼ ሽፈራው ትዝ አሉኝ።

ጋሼ ሽፈራው ከሕንፃችን ጀርባ ሥጋ ቤት አላቸው፤ ከዶሮ ተራ ጀምሮ ያውቁኛል። በጾም ሥጋ ቤታቸው ይዘጋል፣ ፍሪዘራቸው ባዶውን ይቀመጣል። ስምንቱን በካርቶን አድርጌ፣ ካርቶኑን በፕላስተር ጠቅልዬ፣ እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ምንድን ነው ደግሞ?" አሉኝ።

አፌ ላይ የመጣው እውነቱ አልነበረም። "የዓሣ ምግብ ነው፣ ጋሼ። ፍሪዘራችን ተቃጥሎብን ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ቢያስቀምጡልኝ።"

"ባዶ አይደል እንዴ! አስገቢው" አሉና ፍሪዘሩን ሰኩልኝ። የመብራቱን እንክፈል ብላቸው ተቆጡ። "ከጎረቤት? ሂጂ ወዲያ!"

በየሳምንቱ እየሄድኩ ማየት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ካርቶኑን ስከፍት ቢያዩኝስ ብዬ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ያውቅብኛል የሚለው ነገር ከዕቃው መበላሸት የበለጠ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት መምህር መኮንን ደወሉ። የጸጥታ ቁስል ሽሯል፤ ከተደበቀችበት ወጥታ ምላሷን እያወጣች ትዞራለች፤ ሐኪሙም ትብላ ብሏል። "ዛሬ አቅልጪልኝ፣ ነገ ስቅለት ነው፣ ቅዳሜ እንሰጣታለን" አሉ። በደስታ ደረጃውን ወርጄ ጋሼ ሽፈራው ጋ በረርኩ።

ሥጋ ቤቱ ለፋሲካ ተሰናድቷል። ግድግዳው ታጥቧል፣ መንጠቆው ተወልውሏል። ጋሼ ሽፈራው ካርቶኔን አውጥተው ሲሰጡኝ ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር።

"ዕቃሽ ይኸው። ትናንት ፍሪዘሩን ነቅዬ ድብን አድርጌ አጠብኩት፤ በሕማማት ማጠብ የአባቴ ልማድ ነው። ያንቺን ካርቶን ጓሮ ጥላ ሥር አስቀምጬ ነው፤ ማታ መልሼ ሰካሁት። አልከፈትኩትም፤ የሰው አደራ አይከፈትም።"

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ውጭ የነበረው፣ ጋሼ?"

"ከጠዋት ጀምሮ። ምነው? የዓሣ ምግብ እኮ ነው፣ ያ እንክብሉ! ምን ይሆናል?"

ምንም አልሆነም ብዬ ወጣሁ።

የሥራ ክፍሌ ገብቼ ካርቶኑን ከፈትኩት። ቀጥ አድርጌ ያጋደምኳቸው አይጦች ተቆልምመው የካርቶኑን ማዕዘን ቅርፅ ይዘዋል። ላስቲኮቹ ሥር ቀይ ውኃ ተጠራቅሞ በረዶ ሆኗል። የአንዱ ላስቲክ ጠርዝ ተከፍቶ የካርቶኑ ሥር ርሷል። ቀን ሙሉ ቀልጠው ማታ ተመልሰው ደርቀዋል።

እትዬ ዘነበች መጥተው አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረጉት።

"ድንጋይ ነው እኮ! ምን ሆነ?"

"ቀልጦ የደረቀ ነው፣ እትዬ።"

"በአንድ ቀን? ሰውዬው እየጠበቁ ነው፤ ሌላ የለንም፤ ፍሪዘርም የለንም። ደህና አድርገሽ አሙቂው።"

"ግድግዳው ላይ የለጠፉት ምን ይላል?"

"እኔ የለጠፍኩትን ለእኔ ታነቢልኛለሽ?"

"አነባለሁ። እሱን ከሰጠናት ትሞታለች፣ እትዬ። እኔ አልሰጥም። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ።"

ያሰናብቱኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቆሻሻ መጣያውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ስምንቱንም ጣልኩ። "ለጋሼ ሽፈራው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ" አሉኝ። "ሰውዬው ቢሰሙ መንደሩን ያነሡብናል።"

ልቤም እሱን ነበር የሚፈልገው። ነገር ግን የካርቶኑ ሥር ርሷል። እሁድ ሌሊት ሰው ጾም የሚፈታበት ሥጋ የሚገባው እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ነው። ቁጭ ብዬ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣሁና ተመልሼ ወረድኩ።

ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ አልተጨባበጥንም። በር ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት።

"ጋሼ፣ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የዓሣ ምግብ አይደለም። አይጥ ነው።"

"የምን አይጥ?"

"ለዘንዶ ቀለብ የሚሆን። አርብቼ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ይኸ ነው። ሥሩ ርሷል፤ ምናልባት ፍሪዘርዎ ውስጥ ፈሷል። እባክዎ ሥጋ እንዳያስገቡበት።"

የያዙት ጨርቅ ከእጃቸው ወደቀ። ፍሪዘሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ውጪልኝ" አሉ ቀስ ብለው። "በሕማማት ክፉ አታናግሪኝ። ውጪ!"

ወጣሁ። ከእሳቸው ዘንድ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት፤ ለማንም ግን አላሳየሁም።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ለቀለብ የደረሰ ጎረምሳ አልነበረም፤ ግን ለከርሞ እናት ይሆናሉ ብዬ ከመቶ መካከል መርጬ የለየኋቸው አራት ነበሩ። በመጠን ልክ ናቸው። ዘር ማጥፋት ነው፤ እንደገና ለመምረጥ ዓመት ይፈጃል። እትዬ ዘነበችን አላስፈቀድኩም። ቅዳሜ ጠዋት አንዷን አዘጋጅቼ፣ በሞቀ ፎጣ ጠቅልዬ፣ ሰባተኛ ወዳለው የመምህር ቤት ሄድኩ። ከመግባቴ በፊት የሆነውን ሁሉ፣ የዋሸሁትን ጭምር፣ ነገርኳቸው።

መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር" አሉ።

"አዎ፣ አያውቁም ነበር።"

ጸጥታ ከምትሞቅበት መብራት ሥር ተጠቅልላለች። አይጧን በወረንጦ ይዤ፣ ጭንቅላቷን አስቀድሜ፣ ቀስ አድርጌ አቀረብኩላት። ቀና አለች፣ ምላሷን አወጣች፣ ተመልሳ ተጠቀለለች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። መምህር ከኋላዬ "በይ ልጄ፣ በይ እንጂ ጸጥታ" እያሉ ይለምኗታል። አልበላችም። ያቺን አይጥ ጣልኳት።

በፋሲካው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለተኛዋን ይዤ ሄድኩ። መምህር አሁንም ከኋላዬ ቆመው ያወራሉ፣ ይንጎራደዳሉ፣ የማደሪያዋን መስተዋት ይነካሉ። ጸጥታ ጭንቅላቷን ቀበረች። መምህር ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "አለቀላት" አሉ። እኔ ግን ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት እሳቸው የቆሙበትን ቦታ ነበር።

የፋሲካ ማግሥት ሦስተኛዋን አሙቄ ገባሁ። ገና ፎጣውን ሳልፈታ "መምህር፣ ይውጡልኝ" አልኳቸው።

"እኔን ነው?"

"እርስዎን ነው። ሲጨነቁ ያወራሉ፣ ሲያወሩ ይንጎራደዳሉ፤ እሷ ወለሉን በሆዷ ነው የምትሰማው። በሩን ዘግተው በረንዳው ላይ ይቀመጡ። እኔ እስክጠራዎ አይምጡ።"

ሠላሳ ዓመት ሰው ከክፍል ሲያስወጡ የኖሩ አስተማሪ፣ ኮፍያቸውን አንስተው እንደ ተማሪ ወጡ።

መብራቱን በጨርቅ አደብዝዤ ተንበረከክኩ። ክንዴ እስኪደነዝዝ ወረንጦውን ያዝኩ። ጸጥታ ቀና አለች። ምላሷ አንዴ፣ ሁለቴ ወጣ። ከዚያ ሳላያት ወረንጦው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል ነው መያዟን ያወቅኩት። አይጧ ላይ ተጠመጠመች፤ ፈልጋ ፈልጋ ጭንቅላቷን አገኘች፤ መዋጥ ጀመረች። ጅራቷ እስክትገባ አልተነፈስኩም።

መምህርን ጠራኋቸው። የእኔን እጅ ይዘው ሳሙት፤ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። ለሁለት ቀን እንዳይነኳት አስጠነቀቅኳቸው። በሦስተኛው ቀን ደውለው "አልተፋችም" አሉኝ።

በሳምንቱ ጋሼ ሽፈራው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጡ። ሊሰድቡኝ የመጡ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኳቸው። በየሳፋው እየዞሩ አዩ። ሰጋቱራውን አሸተቱ፣ ሚዛኑን፣ ትሪውን፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አዩ።

"ንጹሕ ነው እኮ" አሉ። "ከብዙ ሥጋ ቤት ይሻላል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?"

"እንጃ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብያለሁ። ግን ልንገርሽ። አይጥ ነው ብትዪኝ ኖሮ እምቢ እልሽ ነበር። እምቢ ብልሽ ሌላ ቦታ ትፈልጊለት ነበር። አይጦችሽም ደህና ይሆኑ፣ የእኔም ፍሪዘር ደህና ይሆን ነበር።"

ፍሪዘሩን ሦስት ጊዜ በበረኪና ቢያጥቡትም ዓይናቸው አይጥ እንጂ ሌላ አላይ ስላላቸው በፋሲካ ያላንዳች ፍሪዘር ነበር የሠሩት። እትዬ ዘነበች ተከራክረው ገዙትና አራት ተሸካሚዎች ደረጃውን አወጡልን። እስከወጣሁበት ቀን ድረስ የሠራሁት በእሱ ነው።

ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ሲለኝ ሥራውን አቆምኩ። አሁን ምን ትሠሪ ነበር ለሚለኝ ሁሉ ለዘንዶ አይጥ አዘጋጅ ነበርኩ እላለሁ። የሚስቅ ይስቃል።

ለምትሠሩ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕቃችሁን ሰው ዘንድ ስታስቀምጡ ምን እንደሆነ ንገሩት። ያላወቀውን ሊጠብቅላችሁ አይችልም።